የደምለው የጽሕፈት መኪና የተመለሰበት ቀን

ይህን ጽሑፍ ስጀምረው አምስተኛ ጊዜዬ ነው። አራቱን ቀድጃቸዋለሁ። በሦስቱ ራሴን ንጹሕ አድርጌ ጽፌ ነበር፤ በአራተኛው ባሌን። ሁለታችንም ንጹሕ አይደለንም። አሁን እንደሆነው ልጽፈው ነው። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፣ ታገሡኝ።

የሻረግ እባላለሁ። እንጅባራ ውስጥ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ከሃያ ዓመት በላይ ሳስተምር ለተማሪዎቼ አንድ ነገር ሳልነግራቸው ያለፈ ዓመት የለም። ሰሌዳው ላይ "ሳታነቡ አትፈርሙ" ብዬ እጽፍና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰምርበታለሁ። ልጆቹ ይስቃሉ፤ በአሥር ዓመታቸው ማን ያስፈርማቸዋል? ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ በባሌ ዐርባ ቀን በሆነው ነገር ውስጥ የዚህችው መምህርት ጥፋት ስላለበት ነው።

ባሌ ደምለው ጠበቃ አልነበረም። ስንተዋወቅ ዳንግላ ፍርድ ቤት በር ላይ፣ ከአንድ ባሕር ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ማመልከቻ ይጽፍ ነበር። ገበሬው ችግሩን በአገውኛ ይነግረዋል፤ እሱ "ታይፔ" በሚላት በዚያች አሮጌ አረንጓዴ የጽሕፈት መኪና በአማርኛ ያወርደዋል። ያለ ካርቦን ወረቀት አያስገባም። ለአንዲት በግ ሽያጭ ውል እንኳ ግልባጭ ያስቀርና ከመኪናዋ ክዳን ውስጥ፣ ከጨርቁ ሥር ይሸጉጠዋል። ለእኔ የላከልኝን የመጀመሪያ ደብዳቤ ሳይቀር ግልባጩን አስቀርቶ ነው የላከው። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ "አልደረሰኝም ብትዪስ?" አለኝ።

ሙሉቀን የመጣው በዚያ ጊዜ ነው። የዳንግላ ልጅ ነው፤ ሕግ ተምሮ፣ የጥብቅና ፈቃዱን ይዞ ሲመለስ አንድ ደንበኛ አልነበረውም። ከተማ ውስጥ ስላደገ አገውኛ አይሰማም። ገበሬው ደግሞ ክራቫት ላሠረ ሰው ችግሩን አይዘረግፍም። ሁለቱ አንድ ክፍል ተከራይተው አብረው መሥራት ጀመሩ።

"አንተ አፌ ነህ" ይለዋል ሙሉቀን።

"አንተ ደግሞ ክራቫቴ ነህ" ይለዋል ደምለው።

ስንጋባ ሚዜያችን ሙሉቀን ነበር። ሚዜ ማለት በእኛ አገር ለሙሽራዋ ወንድም ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። በሠርጋችን ማግስት እናቴ ፊት ቆሞ "ከዛሬ ጀምሮ እህቴ ናት" ብሏል። እስከ መጨረሻውም የጠራኝ "እህቴ" እያለ ነው።

ኋላ ሥራው ሲሰፋ ሁላችንም ወደ እንጅባራ መጣን። ሙሉቀንን ሙሉቀን ያደረገው ጉዳይ ያገኘው እዚህ ነው። ከከተማው ወጣ ብላ አንዲት መንደር አለች፤ ስሟን አልጠራውም፣ የደረሰባቸው ይበቃቸዋል። የወል ግጦሻቸው፣ ፈረሶቻቸው ከጥንት የሚሰማሩበት ሜዳ፣ ድንጋይ ለሚፈጭ ኩባንያ ተሰጠባቸው። መንደሩ ሜዳው የራሱ ለመሆኑ የጥንት ሽማግሌዎች የጣት አሻራ ያለበት የድንበር ሰነድ ነበረው። ሰነዱ በቀርከሃ ቀፎ ውስጥ ተጠቅልሎ፣ አፉ በሰም ተደፍኖ፣ በመንደሩ ታላቅ እጅ ይቀመጣል። ከመንደር አይወጣም፤ ደንባቸው ነው። ስለዚህ ሙሉቀን ለፍርድ ቤት ያቀረበው ፎቶ ኮፒውን ብቻ ነበር።

እንጅባራ ላይ ረቱ። በዚያን ቀን ገበሬዎቹ ሙሉቀንን ፈረስ ላይ አውጥተው ከተማውን አዞሩት። ሙሉቀን ፈረስ አያውቅም፤ ኮርቻውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ "ደምለው ያዘኝ! በእናትህ ያዘኝ!" ሲል ደምለው ከጎኑ ልጓም ይዞ እየሮጠ ይስቃል። የገበሬው ጠበቃ የሚለው ስም የወጣለት ያን ዕለት ነው። ምርጫ ሲመጣ በዚህ ስም ተወዳደረ። ደምለው መንደር ለመንደር በእግሩ እየዞረ በአገውኛ መሰከረለት። "ይህን ሰው ብትመርጡ እኔ ዋስ ነኝ" ይል ነበር። እንዲህ ሲል እኔም ሰምቼዋለሁ። ሙሉቀን ተመረጠ።

በዚያው ሰሞን ክሱ በይግባኝ ባሕር ዳር ላይ ተገለበጠ። ምክንያቱ ዋናው ሰነድ አልታየም የሚል ነበር። የቀረው አዲስ አበባ ያለው ሰበር ችሎት ነው። ሙሉቀን ደግሞ ሊገባ ያለው እዚያው አዲስ አበባ ነው። "ዋናውን ስጡኝ፣ በእጄ ወስጄ ለሚከራከርላችሁ ጠበቃ አስረክባለሁ" አለ።

የመንደሩ ታላቅ አያ ጥሩነህ ቀፎውን ታቅፈው ቢሮ መጡ። ሙሉቀን እጁን ሲዘረጋ አልሰጡትም።

"ለጠበቃ አልሰጥም" አሉ። "ለልጄ ነው የምሰጥ።" ለደምለው ሰጡት። "ከእጅህ እንዳይወጣ። ሲመለስም ከእጅህ እቀበላለሁ።"

"እሺ፣ አያ" አለ ደምለው።

በሦስተኛው ቀን ሙሉቀን ጓዙን ጭኖ ሊሄድ ሲል ቀፎው ከደምለው እጅ ወጥቶ በእሱ እጅ ገባ። ስንሸኘው እኔም ነበርኩ። የጽሕፈት መኪናዋንም "ለማስታወሻ" ብሎ ወሰዳት። ደምለው ደረት ኪሱ ውስጥ አንድ የታጠፈ ወረቀት ነበር። ሊያወጣው እጁን ሲሰድ ሙሉቀን አቀፈው፤ ብዙ ሰው ያይ ነበር። እጁ ባዶውን ተመለሰ። ምን ወረቀት ነው ብዬ አልጠየቅሁትም።

ከዚያ በኋላ ሙሉቀንን የምናየው በቴሌቪዥን ሆነ። በምክር ቤት ሲናገር፣ ሪባን ሲቆርጥ፣ ኋላም ከፍ ባለ ወንበር ላይ ሲሾም። አንድ ቀን በቢሮው ቃለ መጠይቅ ሲሰጥ ከኋላው መደርደሪያ ላይ የደምለው የጽሕፈት መኪና ተቀምጣለች። ጋዜጠኛዋ ጠየቀችው። "የጥብቅና ሕይወቴን የጀመርኩባት ናት" አለ። ደምለው ሳቀ። "አንዲት መስመር ጽፎባት አያውቅም" አለና ተነሥቶ ወጣ።

አቤቱታው ለሰበር እንዳልገባ የማቅረቢያው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው የሰማነው። ደምለው ይደውላል፤ ስልኩ አይነሣም። ሲነሣም፣ "ልዩ መንገድ እየፈለግሁ ነው። እኔ ጋ ነው ብለህ ግን እንዳትናገር፣ ያለሁበትን ቦታ ታውቃለህ" ይለዋል ሙሉቀን። ደምለውም አልተናገረም። ገበሬዎቹ ገበያ ሲመጡ በራችን ላይ ቆመው "ደምለው፣ ቀፎው የታለ?" ሲሉት "በእጄ ነው፣ ሂደት ላይ ነው" ይላቸዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ አለ። እኔም ከኋላው ቆሜ ዝም አልኩ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ሁለት ጊዜ በስልክ፣ "እሺ ታይፔን እንኳ ላክልኝ" ሲለው ሰምቼዋለሁ። ናፍቋት መስሎኝ ነበር።

ሚያዝያ ውስጥ ልቡን ብሎ ወደቀ። አርባ ስድስት ዓመቱ ነበር።

በእኛ አካባቢ የተከበረ ሰው ሲሞት ፈረሰኛ ይወጣል። የዚያች መንደር ሰው ለደምለው ቀብር መጣ፤ ግን በእግሩ መጣ። አንድም ፈረስ አልነበረም። ከኋላ ቆመው፣ አፈር ሲመለስ ጠብቀው ሄዱ። ከሞቱ በላይ ያ ነገር አቆሰለኝ። ስሙ ከሱ ጋር ተቀብሯል ብዬ አመንኩ። ከዚያ በኋላ የምጸልየው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሙሉቀን መጥቶ አንድ ጊዜ ብቻ በሰው ፊት "ሰነዱ እኔ ጋ ነው፣ ደምለው ጥፋት የለበትም" እንዲልልኝ።

ለዐርባው መጣ።

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ድንኳኑ ውስጥ ነን። የግንቦት ዝናብ ላስቲኩን ይደበድበዋል፣ ጭቃው እስከ ፍራሹ ገብቷል። ረፋድ አራት ሰዓት ግድም ሁለት ትላልቅ መኪኖች ቆሙ። ሰው ሁሉ ተነሣ። ሙሉቀን ጫማው ጭቃ ሲነካው ግድ ሳይሰጠው እየሮጠ ገባና እግሬ ሥር ወደቀ።

"እህቴ! እህቴ! አፌን ቀበርሽው!" ብሎ አለቀሰ።

የምር ነው ያለቀሰው። ዛሬም ይህን አልክድበትም። ከፍራሹ ላይ አጠገቤ ተቀምጦ እጄን ይዞ ብዙ ቆየ። ሾፌሩ በነጠላ የተሸፈነ ነገር ይዞ ገባና ፊቴ አስቀመጠው። ነጠላው ሲገለጥ ታይፒቱ ናት። አረንጓዴዋ፣ "ሀ"ዋ የተሸረፈችው። ክዳኗም ከነመያዣዋ አለ። እላይዋ ላይ ተደፋሁ። በዐርባ ቀን ውስጥ እንዲያ አላለቀስኩም።

"ሲለምነኝ ነበር" አለ ሙሉቀን። "በሕይወት እያለ ባመጣኋት ኖሮ።"

ሰዎቹም አብረው አለቀሱ። ለቅሶው ጋብ ሲል ከኮቱ ውስጥ አንድ ወረቀት አወጣ።

"የእኔንና የደምለውን ቢሮ በሕግ ስዘጋ የዕቃ ርክክብ አለ፣ እህቴ። ታይፗ፣ ወንበሩ፣ መደርደሪያው ላንቺ እንዲሆኑ ነው። እዚህ ጋ ብቻ።"

ጎረቤቴ እትዬ ዓለምነሽ አፏን በነጠላ ይዛ "ኧረ በሥላሴ! በተዝካር ቀን ወረቀት?" አለች።

"እውነትሽን ነው እማ፣ ነውር ነው" አላት ሙሉቀን ትሕትና ባለው ድምፅ። "ስምንት ሰዓት እዚህ አዳራሽ ስብሰባ አለኝ፣ ከዚያ ወዲያው ነው የምሄደው። ሌላ ጊዜ ልምጣ ብል መንገዱ ይከፈት አይከፈት አይታወቅም።"

ወረቀቱ ጉልበቴ ላይ ነበር። የላይኞቹን ሦስት መስመሮች አየሁ። አንድ የጽሕፈት መኪና ከነክዳኑ። አንድ የእንጨት ወንበር። አንድ መደርደሪያ። ከዚያ በታች የሙሉቀን መዳፍ ነበር። ወረቀቱን እንዳይንሸራተት የያዘልኝ መሰለኝ። ያን መዳፍ አሁንም አየዋለሁ፤ ሰፊ ነው፣ ጥፍሩ ንጹሕ ነው። ሐዘንተኛ ሆኜ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየኝ፣ እግሬ ሥር ወድቆ ያለቀሰን ሰው "እጅህን አንሣና ላንብበው" ማለት ስድብ ሆኖ ታየኝ። ሚዜዬን! ፈረምኩ። የተማሪ ደብተር እንደማርም፣ ስሜን በሙሉ፣ በሚያምር ጽሕፈት።

ሲሄድ ግንባሬን ሳመኝ። "ስለ ሰነዱ ዛሬ ለገበሬዎቹ እነግራቸዋለሁ" አለኝ በጆሮዬ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ታይፒቱን አቅፌ "ሰማህ ደምለው?" አልኳት።

አሥር ሰዓት ሲሆን ድንኳኑ ውስጥ የቀረነው ጥቂት ሴቶች ብቻ ነበርን። ዝናቡ አባርቷል። አያ ጥሩነህ ዱላቸውን እየተመረኮዙ ገቡ፤ ከኋላቸው ሰባት ስምንት ሰዎች አሉ፣ ሁሉም እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነክቷቸዋል። ተነሣሁ።

"ተቀመጪ ልጄ። እግዜር ያጥናሽ።" ተቀመጡ። "ሐዘንሽን ልንረብሽ አልመጣንም። ቀፎውን ስጪንና እንሂድ።"

"የቱን ቀፎ፣ አያ?"

"የእኛን።"

"አያ፣ ቀፎው እኮ... ሙሉቀን ዛሬ አልነገራችሁም?"

"ነገረን እንጂ! አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ነገረን።"

ከኋላቸው ከቆሙት አንዱ ምንይችል ነው። አሁን የሦስት ልጆች አባት ሆኗል እንጂ አራተኛ ክፍል ሳለ ተማሪዬ ነበር። ስልኩን አውጥቶ አንድ ፎቶ ከፈተና ሰጠኝ። "ማይክ ይዤ 'ሰነዳችን የታለ?' ብዬ የጠየቅሁት እኔ ነኝ፣ ቲቸር። ይህን ከፍ አድርጎ አሳየን። አንስቼዋለሁ።"

ጠዋት የፈረምኩት ወረቀት ነው። አሁን መዳፍ የለበትም። ከመደርደሪያው ቀጥሎ እንዲህ ይላል። "4ኛ፦ ቀደም ሲል ለአቶ ደምለው የተመለሰ የመንደሩ ዋና የድንበር ሰነድ፣ ከነቀርከሃ ቀፎው፣ በሟች ቤት የሚገኝ መሆኑን ወራሽ አረጋግጫለሁ።" ከሥሩ ስሜ። በሚያምር ጽሕፈት።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ስልኬን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ኔትወርክ በሁለተኛው ሙከራ ገባ። ሙሉቀን መንገድ ላይ ነበር።

"አቤት እህቴ።"

"አራተኛው ተራ ላይ ያለው ምንድን ነው?"

የመኪናው ድምፅ ይሰማኛል።

"ሙሉቀን፣ ቀፎው አንተ ጋ አይደለም እንዴ?"

"የት እንዳለ አላውቅም፣ የሻረግ።" እህቴ አላለኝም። "እንደገባሁ የመንደሩን ጉዳይ መግፋት ላለሁበት ቦታ አልተመቸኝም። ትንሽ ይቆይ አልኩ። ከዚያ ቢሮ ስቀይር ቀፎው ያለበት ካርቶን ጠፋ። ሆን ብዬ አይደለም፤ በልጆቼ እምልልሻለሁ። ታዲያ ምን ልበል? የሕዝብ ሰነድ ጣልኩ ብዬ መድረክ ላይ ልናገር?"

"ባሌ ጣለው ትላለህ?"

"ደምለው ሞቷል። ከእንግዲህ ማንም አያሥረው፣ ማንም አይሽረው። እኔ ግን ገና ለእነዚሁ ሰዎች ብዙ ልሠራ የምችል ሰው ነኝ። አስቢው እስቲ። ደምለው ራሱ በሕይወት ቢኖር በእኔ ይሁን ይለኝ ነበር።"

ይህች የመጨረሻዋ ናት እስከ ዛሬ የምታመኝ። እውነት ስለሆነች። ደምለው እንዲያ ይለው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ያለው እሱን ነው።

ስልኩን ዘጋሁና ተመለስኩ። መንገድ ላይ፣ ከጓሮ እስከ ድንኳን ባለችው በዚያች አሥር እርምጃ፣ ሁለት ነገር አሰብኩ። ደምለው አኑሮት ይሆናል፣ እኔ አላውቅም ማለት እችል ነበር። ሰውም ሐዘንተኛ ናት ብሎ ይተወኝ ነበር። ስሙ ግን ለዘለዓለም እንደዚያ ሊቀር ነው።

"ቀፎው እዚህ የለም" አልኳቸው። "ሙሉቀን ይዞት ከሄደ ወዲህ እዚህ ቤት አልገባም። ደምለው በእጄ ነው ሲላችሁ ዋሽቷችኋል፤ እኔም እያወቅሁ ዝም ብያለሁ። ወረቀቱን የፈረምኩት ሳላነብ ነው።"

"ሳያነቡ?" አለ ምንይችል። ሳቅ የመሰለ ነገር ከአፉ ወጣ። "ሰሌዳ ላይ ሁለት ጊዜ ያሰምሩበት የነበረውን፣ ቲቸር? እኔን በጆሮዬ ይዘው ያስነበቡኝን?"

"አዎ፣ እሱን።"

"እኔማ ሁላችሁም የተመካከራችሁበት ነው የምለው" አለ ሌላው። "ጠበቃው ወደሷ ያሳያል፣ እሷ ወደ ጠበቃው።"

"ፈትሹ" አልኳቸው።

"የሐዘን ቤት አይፈተሽም" አሉ አያ ጥሩነህ።

"እኔ እከፍታለሁ፣ እናንተ እዩ።"

እንባዬ ደርቆ ነበር። ቤት ገብቼ ሣጥኑን ከፈትኩ። ፍራሹን ገለበጥኩ። የደምለውን ኮት ኪሶች አንድ በአንድ ወደ ውጭ አወጣሁ፤ ከአንዱ የትምህርት ቤቴ ጠመኔ ወደቀ፣ እንዴት እንደገባ እንጃ። እትዬ ዓለምነሽ "ተይ የሻረግ፣ ተይ" እያለች ከኋላዬ ትለቃቅማለች። ሰዎቹ በሩ ላይ ቆመው ማየት አፍረው ወደ መሬት ያያሉ። በመጨረሻ ያልተከፈተ አንድ ነገር ቀረ።

"ይችንም፤ ዛሬ ጠዋት ሙሉቀን ያመጣት ናት" አልኩና ታይፒቱን ወደ ምንይችል ገፋሁለት።

ክዳኑን አንሥቶ አየ፣ ባዶ ነው። ሊያስቀምጠው ሲል የውስጡ ጨርቅ ጥጉ ላይ የተተረተረ መሆኑን አየሁ፤ የባሌ ልማድ ትዝ አለኝ። ጣቴን ሰደድኩ። አንድ ስስ ወረቀት ወጣ፤ የካርቦን ግልባጭ።

ለማንበብ ከፈትኩትና ተውኩት። እኔ ሳነብ ማን ያምነኛል? ለምንይችል ሰጠሁት። "ጮክ በል" አልኩት፣ ክፍል ውስጥ እንደምለው።

ምንይችል አነበበ። "የሰነድ መረከቢያ። በመንደሩ ሽማግሌዎች በአደራ የተሰጠኝን ዋና የድንበር ሰነድ፣ አፉ በሰም እንደተደፈነ ከነቀርከሃ ቀፎው፣ ለሰበር አቤቱታ እንዲቀርብ ለጠበቃ ሙሉቀን አስረክቤአለሁ። ያስረከበ፣ ደምለው።" ፊርማው በካርቦን ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። "የተረከበ..." አለና ቆመ።

"ቀጥል" አሉ አያ ጥሩነህ።

"ከዚህ በኋላ ባዶ ነው፣ አያ። መስመሩ ብቻ ነው ያለው።"

የዚያን ቀን ደረት ኪሱ ውስጥ የነበረው ወረቀት ምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ሊያስፈርመው ጽፎ፣ ሰው እያየ ወንድሙን ፈርም ማለት አፍሮ፣ ዋናውን ወረቀት መልሶ ይዞ ገባ። ምን እንዳደረገው አላውቅም። ታይፔን ላክልኝ ይል የነበረው ለዚህ ነው። ሙሉቀንም ውስጧ ያለውን ሳያውቅ በገዛ እጁ አመጣት። ለእኔ ደግሞ አንድም ቀን አልነገረኝም። ሐዘን ላይ ያለ ሰው በሟች መናደድ ነውር ከሆነ፣ እኔ በዚያች ሰዓት ነውረኛ ነበርኩ። እኔ በመፈረም ያጠፋሁትና እሱ ባለማስፈረም ያጠፋው አንድ ነው፤ ሁለታችንም ያፈርነው ለአንድ ሰው ነው።

አያ ጥሩነህ ወደ ሰዎቻቸው ዞረው በአገውኛ ተናገሩ። ከደምለው ጋር ስኖር ለመስማት ያህል ተምሬአለሁ። "እንዳይወጣ ያልኩት ነገር ከእጁ ወጥቷል፤ እሱን ይቅር አልለውም። ሌባ ግን አይደለም" ነው ያሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ይህን አሁን ያልሽውን ዳኛ ፊት ትይዋለሽ?"

"እላለሁ።"

"መምህርት ሳታነብ ፈረመች ብለው ይስቁብሻል።"

"ይሳቁ።"

ሊወጡ ሲሉ ሆዴ ውስጥ የከረመውን ጠየቅሁ። "አያ፣ ለቀብሩ ፈረስ ያላወጣችሁት ሌባ ነው ብላችሁ ነው?"

አዛውንቱ በር ላይ ቆሙ። ግራ ገብቷቸው አዩኝ።

"የምን ፈረስ ልጄ? ሜዳው ከታጠረ ወዲህ ምን አብልተን እናኑረው? ሸጥነው እኮ። መንደሩ ሁሉ ቢፈለግ ሦስት ቀርተዋል፣ እነሱም ለመጫን ነው። ዛሬስ በእግራችን አይደለም የመጣን?"

ጭቃ የነካ እግራቸውን አየሁ። ለዐርባ ቀን ንቀት ብዬ የያዝኩት ነገር ድህነት ነበር።

በማግስቱ ታይፒቱ ፊት ተቀመጥኩ። በአንድ ጣት ነው የምጽፈው። የመጀመሪያዋ መስመር እንዲህ ትላለች፦ "እኔ አመልካች ሳላነብ ፈርሜአለሁ።" ማመልከቻው ለፍርድ ቤት ገባ፤ አያ ጥሩነህም አሻራቸውን አኖሩበት። ሰነዱ ስለሌለ ጉዳዩ እየተጎተተ ነው፤ ሜዳውም እንደታጠረ ነው። ርእሰ መምህሬ "ፖለቲካ ውስጥ አትግቢ" ብሎ መክሮኛል። ያስገቡኝ ግን በገዛ ሐዘን ቤቴ መጥተው ነው። ሙሉቀን አሁንም በቴሌቪዥን ይታያል፤ ስለ ገበሬው ሲናገር ድምፁ ያው ነው። አንዳንዴ ለሰው ባልናገርም አምነዋለሁ፤ ከዚያ መዳፉ ትዝ ይለኛል።

አንባቢዎቼ፣ ክፍሌ ውስጥ ሰሌዳው ላይ የምጽፈው ዛሬም ያው ነው። አሁን ግን ልጆቹን አስነሥቼ ሁለት ሁለት ሆነው እንዲለማመዱ አደርጋለሁ። አንደኛው ጓደኛውን አቅፎ "እዚህ ጋ ብቻ" ይለዋል። ሌላኛው ፊቱን ሳይከሰክስ "እጅህን አንሣልኝ፣ ላንብበው" ይላል። ይስቃሉ። እኔ አልስቅም። ከጠላት የመጣ ወረቀት ማንበብን ማንም ያውቅበታል፤ እኔን ያስቸገረኝ የሚወደኝን ሰው መዳፍ ማንሣት ነው። የሚያፈቅራችሁ ሰው ቢቀየማችሁ ይቀየማችሁ። እኔ ቅያሜውን ፈርቼ የባሌን ስም ልሸጥ ነበር።

የደምለው ግልባጭ ከእኔ ማመልከቻ ግልባጭ ጋር ክዳኑ ውስጥ፣ ከጨርቁ ሥር ነው። ሙሉቀን፣ ይህ ጽሑፍ እጅህ ከገባ፣ "የተረከበ" ከሚለው ቃል ፊት ያለው መስመር እስከ ዛሬ ባዶ ነው። ቤቱን ታውቀዋለህ።